የብስክሌት መቆለፊያ መክፈቻ ውስጡ ተሰበረብኝ፤ እነዚህ ቁልፎች ለምን እንዲህ ቶሎ ይበላሻሉ?

አባይ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ነዋሪና መምህር ነኝ። ቤቴ አባይ ማዶ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከድልድዩ ወዲህ መሀል ከተማ ስለሆነ ላለፉት ሦስት ዓመታት ጠዋትና ማታ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ከተማችን ሜዳ በመሆኗ በብስክሌቱ አንድም ቀን ተማርሬ አላውቅም፤ ያማረረኝ ቁልፉ ነው። በአማርኛችን የሚዘጋውንም የሚከፍተውንም ቁልፍ ስለምንል፣ ግራ እንዳያጋባ የሚዘጋውን መቆለፊያ፣ የሚከፍተውን መክፈቻ እያልኩ ልቀጥል።

በእነዚህ ሦስት ዓመታት አራት መቆለፊያ ገዝቻለሁ። ከአራቱ አንዱንም ሌባ አልሰበረውም፤ ሁሉም የተበላሹት በእኔው እጅ ነው። የመጀመሪያው ከብስክሌቱ ጋር የመጣውና የኋላውን ጎማ እንደ ቀለበት የሚይዘው ነበር፤ በስድስተኛው ወር ላይ መክፈቻው ይገባል፣ ግን አይዞርም። ሁለተኛው ፕላስቲክ የለበሰ የሽቦ ገመድ ሲሆን ክረምቱን ከእኔ ጋር ዝናብ ሲመታው ከርሞ መስከረም ላይ ውስጡ ዝጎ ደረቀ። ሦስተኛውን፣ ከመክፈቻ ጣጣ ልገላገል ብዬ፣ ባለቁጥር ገዛሁ፤ እርሱም አንድ ቀን በማውቀው ቁጥር አልከፈት አለኝና በብረት መጋዝ አስቆረጥኩት። አራተኛው እንደገና ባለመክፈቻ የሽቦ ገመድ ነው። ከገዛሁት ገና ዓመት ከመንፈቁ ሲሆን፣ አብረውት ከመጡት ሁለት መክፈቻዎች አንዱ ጠፍቶብኝ በሌላው ምትክ አስቀርጬ ነበር፤ የተቀረጸው አንዳንድ ቀን ይከፍታል፣ አንዳንድ ቀን ሦስትና አራት ጊዜ እያወጣሁ ካላስገባሁት አይሰማም። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ዋናው መክፈቻ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ብስክሌቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ብረት ጋር ስለታሰረ ለጥበቃው አደራ ብዬ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ይህን ለባልደረባዬ ስነግረው እርሱም ተመሳሳይ መቆለፊያ ስላለው መክፈቻዎቻችንን አስተያየን። እኔ ጋ የቀረውን የተቀረጸ መክፈቻ በእርሱ መቆለፊያ ብንሞክረው ሳያንገራግር ከፈተው። በእውነት ደነገጥኩ። የራሱን መቆለፊያ በወጉ የማይከፍት መክፈቻ የሌላ ሰው መቆለፊያ የሚከፍት ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ብስክሌቴን የጠበቀው መቆለፊያው ሳይሆን የጥበቃው ዓይን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የምታውቁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። ውስጡ የቀረውን ስባሪ መቆለፊያውን ሳላጠፋ ማውጣት ይቻል ይሆን? መክፈቻዎቹ የሚሰበሩትና የሚደክሙት በእኔ አያያዝ ነው ወይስ ከአሠራራቸው? አምስተኛ መቆለፊያ ከመግዛቴ በፊትስ ምን ዓይነቱን ልፈልግ?

ቁልፍ ቀራጭ ነኝ

መምህር፣ እንኳን ብስክሌቱ አልተወሰደብዎት። እኔም የምሠራው በዚሁ በባሕር ዳር ሲሆን ከቤት ቁልፍ ቀጥሎ በብዛት የሚመጣልኝ የብስክሌትና የሞተር ነው። ከስባሪው ልጀምር፤ አሁን በችኮላ የሚደረግ ነገር ነውና ነገሩን የሚያበላሸው።

በመጀመሪያ የቀረውን ግማሽ መክፈቻ ከኋላው አስገብተው ለማዞር አይሞክሩ፤ ስባሪውን ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። ሰው የሚመክራችሁን ፈጣን ሙጫ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ሙጫው ስባሪውን ከመክፈቻው ጋር ሳይሆን ከመቆለፊያው ሆድ ጋር ሲያጣብቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት መጋዝ ብቻ ነው። የሚከተለውን ያድርጉ። የመክፈቻውን ቀዳዳ በደንብ ይመልከቱ፤ መክፈቻው የተሰበረው በመዞር ላይ እያለ ከሆነ ቀዳዳው ትንሽ ጋደል ብሎ ይታያል። በዚያ ሁኔታ ላይ ውስጥ ያሉት ፒን የሚባሉ ትንንሽ ብረቶች ስባሪውን ነክሰው ይይዙታል፣ ቢጎትቱትም አይወጣም። ስለዚህ በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ቀዳዳውን ብቻ በቀስታ አዙረው መክፈቻ በሚገባበት ቀጥ ያለ ቦታ ይመልሱት። ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፣ ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙረውም ጎኑን በእንጨት መታ መታ ያድርጉት። አንዳንዴ በዚሁ ብቻ ይወጣል። ካልወጣ እንጨት ሠሪዎች ኩርባ የሚቆርጡበትን የቀጭን መጋዝ ስለት፣ ጥርሱ ወደ እርስዎ እንዲያይ አድርገው ከመክፈቻው ጥርስ ጎን ያስገቡና ጥርሶቹ ሲነክሱት በቀስታ ይሳቡ። ስባሪውን አይጣሉት። ሁለቱን ግማሾች አምጥተው ከገጠሙልኝ አስተካክዬ እንደ ናሙና ልቀርጽባቸው እችላለሁ።

መክፈቻው ለምን ተሰበረ ላሉት፣ የተሰበረበትን ፊት ይመልከቱ። ውስጡ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ከመሰበሩ በፊት ይጣመማል፣ ያስጠነቅቃል። ውስጡ ግራጫና እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለው ከሆነ ግን በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እርሱ ሳይጣመም እንደ ብስኩት ቀንጠብ ይላል። ላዩ በሁለቱም ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቅብ ስለሚሆን በውጭ አይለዩም፤ ሲገዙ የመክፈቻውን ጫፍ በትንሹ ፋቅ አድርገው ማየት ነው። ከብስክሌት መቆለፊያ ጋር ከሚመጡት ርካሽ መክፈቻዎች እጄ የገቡት አብዛኞቹ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው።

አያያዝም አለበት። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ መክፈቻውን ማዞር ዋናው የሰባሪ ልማድ ነው። የተወጠረ ገመድ ውስጥ ያለውን ምላስ ወደ ጎን ይጫነዋል፣ እርስዎ ደግሞ ያንን ጫና በሙሉ በአንዲት ቀጭን ብረት ያዞራሉ ማለት ነው። በአንድ እጅ የገመዱን ራስ ወደ መቆለፊያው ገፋ አድርገው ጫናውን ካነሱለት በኋላ በሌላው እጅ ሲያዞሩት መክፈቻው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ይዞራል። የኋላ ጎማ ቀለበቱንም ያበላሸው ይመስለኛል፦ እርሱ ክፍት ሆኖ ሲሄዱ መክፈቻው አብሮት ስለሚቀር፣ የቤት፣ የቢሮና የሳጥን ቁልፍ አብረው በአንድ ማንጠልጠያ ከታሰሩ በኮብልስቶን ላይ በሄዱ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት መክፈቻውን ይቀጠቅጠዋል። የብስክሌቱን መክፈቻ ብቻውን ይያዙት።

በመጨረሻም ስለ ቅጂው፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሹ የእኛ የቀራጮቹ ነው። የመቅረጫው መኪና አንድ ጣት የመጀመሪያውን መክፈቻ ጥርስ እየዳሰሰ ሌላው ምላጭ ያንኑ በአዲሱ ላይ የሚያወጣበት ነው። ናሙናው ያለቀ ከሆነ ያለቀውን እናስቀዳለን፣ የመኪናው ስሕተት ደግሞ ይጨመርበታል። የቅጂ ቅጂ አምጥቶ «እንደ መጀመሪያው አድርግልኝ» የሚለኝን ደንበኛ የምመልሰው ለዚህ ነው። አዲስ መቆለፊያ በገዙ ዕለት አንዱን መክፈቻ አንድም ቀን ሳይጠቀሙበት ቤት ያስቀምጡት፤ ወደፊት የሚቀረጸው ሁሉ ከእርሱ ብቻ ይቀረጽ። ከመክፈቻዎቹ ጋር ቁጥር የታተመበት ትንሽ ቆርቆሮ ወይም ጽሑፍ ከመጣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይመዝግቡት።

ከደብረ ማርቆስ

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ከላይ ያሉት ወንድማችን ስለ ስባሪውና ስለ ቅጂው የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው የባልደረባዎ መቆለፊያ ለምን በእርስዎ መክፈቻ እንደተከፈተ ነው፣ የሚያስፈራውም እርሱ ስለሆነ።

አብዛኞቹ መቆለፊያዎች የሚሠሩት አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ሐሳብ ነው። በሚዞረው ሲሊንደር ውስጥ ከላያቸው በሞላ (ስፕሪንግ) የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች ተደርድረዋል፤ የመክፈቻው ጥርሶች እያንዳንዱን ፒን በልኩ ሲያነሡት ሁሉም መጋጠሚያዎች በአንድ መስመር ይውላሉና ሲሊንደሩ ይዞራል። አምስት ፒን ያለውና ለእያንዳንዱ ፒን ስድስት የተለያየ ከፍታ የተመደበለት መቆለፊያ በስሌት 7,776 ዓይነት መክፈቻ ሊኖረው ይችላል። ርካሹ የብስክሌት መቆለፊያ ግን ብዙ ጊዜ ፒኑ ሦስት ወይም አራት ነው፣ አንዳንዱማ በፒን ፋንታ ስስ ቆርቆሮዎች ነው ያሉት፤ አምራቹ ሥራውን ለማቅለል ጥቂት ዓይነት መክፈቻ ብቻ እየደጋገመ ያወጣል፣ ቀዳዳዎቹም በሰፊው ስለሚበሱ ልኩን ትንሽ የሳተ መክፈቻ እንኳ እየተንገጫገጨ ይከፍታል። እርስዎና ባልደረባዎ ከአንድ ሱቅ፣ ምናልባትም ከአንድ ካርቶን ገዝታችሁ ከሆነ መክፈቻችሁ አንድ ዓይነት መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ከሱቅ ሳይወጡ ባለሱቁን ሦስት አራት ተመሳሳይ መቆለፊያ እንዲያወጣልዎ ጠይቀው መክፈቻዎቹን አቀያይሮ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው። ባለሱቁ ቢቆጣም ይሞክሩት።

ለአምስተኛው ግዢ የምመክረው የዲስክ ዓይነቱን ነው። የዚህ ፈልሳፊ ፊንላንዳዊው ኤሚል ሄንሪክሰን ሲሆን ዘመኑም 1907 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኋላ አብሎይ የሚለውን ስም ያገኘው አሠራር መነሻ ይህ ነው። በውስጡ የሚነሣና የሚወርድ ፒን የለም፤ የሚዞሩ ክብ ዲስኮች ናቸው። መክፈቻው እያንዳንዱን ዲስክ በራሱ መጠን ያዞረዋል፣ የዲስኮቹ ጎድጓዳ ጠርዞች በአንድ መስመር ሲገጥሙ አንዲት ዘንግ እዚያ ውስጥ ትወድቅና መቆለፊያው ይለቃል። ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ሞላ የሌለው መሆኑ ነው፦ በክረምት የሚዝገው፣ በበጋ አቧራ የሚይዘው ያ ቀጭን ሞላ ነውና። መክፈቻው ግማሽ ክብ ሆኖ ጎኑ ላይ ሰያፍ ቁርጦች ስላሉት ሲያዩት ይታወቃል። ጉድለቱን አልደብቅም፤ ለዚህ ዓይነቱ ያልተቀረጸ ጥሬ መክፈቻ በየቦታው አይገኝም፣ ስለዚህ ሁለቱንም መክፈቻ ከጣሉ ማስቀረጽ ይቸግራል። ርካሽ አስመሳዮቹም ገበያው ላይ አሉ።

ክብ ቱቦ የሚመስል መክፈቻ ካለው ግን ይራቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ፣ እንዲህ ያለ መክፈቻ ያላቸው ውድ መቆለፊያዎች በተራ እስክርቢቶ የፕላስቲክ ቀፎ ሲከፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጭቶ፣ ክሪፕቶናይት የተባለው አምራች የደንበኞቹን መቆለፊያዎች በነጻ መለወጥ ግድ ሆኖበታል። የዚያ ዓይነት ቀዳዳ ዛሬም በርካሽ መቆለፊያ ላይ አልጠፋም።

ከወንድማችን የምለየው በዘይቱ ላይ ነው። ስባሪ ለማውጣት ዘይት ትክክል ነው፤ ለዘወትር ግን በተለይ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ዘይት አቧራውን ይሰበስብና ውስጡን ጭቃ ያደርገዋል፤ ግሪስማ ከነአካቴው አይታሰብም። እኔ የምጠቀመው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው። አንዳንዶች የእርሳስ ፍቅፋቂ ይጨምራሉ፣ ነገር ግን የእርሳስ ውስጥ ግራፋይት ብቻ ሳይሆን ሸክላ አፈርም የተቀላቀለበት መሆኑን ልብ ይሏል፤ መክፈቻውን በእርሳስ ቀብቶ ማስገባት ለአንድ ቀን ችግር ይረዳል እንጂ የዘወትር ጥገና አይደለም።

ቁልፍ ቀራጭ ነኝ

የደብረ ማርቆሱ መምህር ያሉት ለፒን መቆለፊያና ለደረቅ ወራት እውነት ነው። ግን ግራፋይት ዝገትን አይከላከልም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዱቄት ብቻ የተያዘ መቆለፊያ ውኃ ሲገባበት ምንም የሚሸፍነው ነገር የለም። ዘይትና ዱቄቱን አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ይቦካል። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ክረምት ሊገባ ሲል መቆለፊያውን በላምባ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቄ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት እጨምራለሁ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ እንደገና አጥቤ ደረቁን እተውለታለሁ። ለዲስክ ዓይነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀጭን ዘይት ይሻላል ባይ ነኝ። በሱቅ የሚሸጠው ደብሊው ዲ 40 የሚባለው መርጫ የደረቀውን ለማላቀቅና ውኃውን ለማስወጣት ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዘይት መጨመርን አይተካም።

ከእንጅባራ

መምህር፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔ ያለሁት እንጅባራ ነው፤ ዝናባችን ከባሕር ዳር ይብሳል፣ ብስክሌቴም ብዙ ጊዜ ደጅ ነው የሚያድረው። የተሻሉት ወንድሞቻችን ስለ ውስጡ ስለጻፉ እኔ ስለ ውጭው ጥቂት ልበል።

መቆለፊያውን ስዘጋ ቀዳዳው ሁልጊዜ ወደ መሬት እንዲያይ አደርጋለሁ። ወደ ሰማይ ካየ ውኃውን ይቀበላል፤ የጎን ከሆነም ይሰርግበታል። ገመዱን ወይም ሰንሰለቱን መሬት ላይ ተንጋሎ እንዲቀር አላደርግም፣ ጭቃውና ፍንጣቂው ያለው እዚያ ነውና፣ ደግሞም መሬት ላይ ያለ መቆለፊያ ለመዶሻ የተመቸ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ አንድ ስንዝር ቆርጬ በመቆለፊያው ራስ ላይ እንደ ቆብ አጥልቄበታለሁ፤ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። ታች በኩል ክፍት ማድረግ ያስፈልጋል፣ ከታሰረ ግን ውስጡ እርጥበት ይይዛል።

የቁጥር መቆለፊያዎ ለምን እምቢ እንዳለ የማውቅ ይመስለኛል፣ በእኔም ስለደረሰ። ብዙዎቹ ክፍት በሆኑ ጊዜ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ ወይም መግፊያ ከተነካች አዲስ ቁጥር ይቀበላሉ። ክፍቱን መቆለፊያ ቦርሳ ውስጥ ሲወረውሩት መግፊያዋ ትነካና ቁጥሮቹ ሲንቀሳቀሱ ያረፉበት አዲሱ ቁጥር ይሆናል፤ እርስዎ አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ። ባለሦስት ቁጥር ከሆነ ያሉት አማራጮች 1,000 ብቻ ስለሆኑ ከ000 እስከ 999 በትዕግሥት ብንሄድ እናገኘው ነበር፣ እኔ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አግኝቼዋለሁ። ባለአራቱ 10,000 ስለሆነ አይሞከርም። ይህንን ሌባውም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው ባለሦስት ቁጥሩን የማልመክርዎ።

አባይ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ በተነገረኝ መሠረት ቀዳዳውን ወደ ቦታው መልሼ፣ ዘይት ጨምሬ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጌ ብመታው አልወጣም። ከእንጨት ሥራ ክፍላችን የቀጭን መጋዝ ስለት ለምኜ በሁለተኛው ሙከራ ወጣ። የተሰበረው ፊት ግራጫና ፍሬ ፍሬ ያለው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ዚንክ ነበረ። ገመዱንም ወደ ውስጥ ገፍቼ ጫናውን ሳነሣለት ያ አስቸጋሪ የተቀረጸ መክፈቻ እንኳ በመጀመሪያው ሙከራ ከፈተ። ይህን ያህል ጊዜ በጉልበት ሳዞረው መኖሬን ሳስብ አዘንኩ።

ባልደረባዬና እኔ መክፈቻችን አንድ መሆኑ ስለታወቀ ሁለታችንም መቆለፊያዎቹን ለመተው ወስነናል። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ግማሽ ክብ መክፈቻ ያለው የዲስክ ጓጉንቸርና ወፍራም ሰንሰለት ለየብቻ ገዛሁ፤ ባለሱቁ ሌሎች ሦስት እንዲያወጣልኝ ጠይቄ ከእነርሱ ጋር አቀያይሬ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱም የሌላውን አልከፈተም። ሦስት መክፈቻ አለው፣ አንዱን ዛሬውኑ ሳጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ፣ ቁጥሩንም ጽፌያለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰንሰለቱ የብስክሌቱን ቀለም እየፋቀ ነው፣ ደግሞም ከአጥሩ ጋር ለማሰር ፍሬሙን ልያዝ ወይስ ጎማውን?

ቁልፍ ቀራጭ ነኝ

ሁለቱንም ያስይዙ፣ ሰንሰለቱ እስከ ደረሰ ድረስ፦ ፍሬሙን፣ የኋላውን ጎማና አጥሩን በአንድ ላይ። የፊት ጎማን ብቻ ማሰር ግን ትርጉም የለውም፣ ጎማውን ፈትቶ ቀሪውን ይዞ መሄድ የደቂቃ ሥራ ነው። ሰንሰለቱ በፍሬሙ ዙሪያ በተቻለ መጠን ጠበብ ይበል፤ ክፍት ቦታ ካለ ብረት አስገብቶ ለመጠምዘዝ ይመቻል። ለቀለሙ የእንጅባራዋ እኅታችን ያለችው ካላማዳሪያ እዚህም ይሠራል፤ ሰንሰለቱን በረጅሙ ካላማዳሪያ ውስጥ ያሳልፉት። ጎሚስታዎች ጋ የተጣለ አይጠፋም።